የወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጽሑፍ መምረጥና ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ የወጣት ኅብረት ጥናት ለሚመሩና የጥናት ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ።

ለአንድ ጥናት ቢያንስ ምን ያስፈልጋል? የታተመ መጽሐፍ የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ፊትና ኋላው የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይበቃል። በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ክፍል ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ፣ ክፍሉ በማን፣ ለማንና በምን ጊዜ እንደተጻፈ የሚናገሩ ሦስት አራት መስመሮች፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጥያቄዎች፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ደግሞ ለመጻፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይኑር። መጽሐፍ ቅዱስ ለሁሉም የማይደርስ ከሆነ ክፍሉን ራሱን አትሙት። ለሦስት ሰው አንድ መጽሐፍ ሲደርስ አንዱ ያነባል፣ ሁለቱ ይሰማሉ፤ ጽሑፉን በዓይኑ የሚያስተውለው ያነበበው ብቻ ይሆናል።

መሪው ለብቻው ሌላ ገጽ ይኑረው። መልስ፣ ማብራሪያና የሰዓት ድልድል የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ይህን ገጽ ለሁሉም ማደል የተለመደ ስህተት ነው። መልሱ በእጁ ያለ ወጣት መልሱን ያነብላችኋል እንጂ አያጠናም።

የትኛውን የአማርኛ ትርጉም እንጠቀም?

አንዱን መሠረት አድርጉና ስሙን በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። የ1954ቱ ትርጉም ብዙ ምእመን በቃሉ የያዘው ስለሆነ ከመድረክ ከሚሰማው ጋር ይገጥማል። ነገር ግን «ኵነኔ»፣ «ቤዛ» የመሳሰሉት ቃላት ለ14 ዓመት ልጅ ሳይገቡት ያልፋሉ። በ1980 ዓ.ም. የወጣው ቀለል ያለ አማርኛ ትርጉምና በ1993 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለንባብ ይቀላሉ። ለትናንሾቹ ቀለል ያለውን መሠረት አድርጎ፣ ለከበዱ ጥቅሶች ሁለተኛ ትርጉም ጮክ ብሎ ማስነበብ ጥሩ ይሠራል።

ችግር የሚፈጠረው ጥያቄው ከአንዱ ትርጉም ተጽፎ ንባቡ ከሌላው ሲሆን ነው። በ1954ቱ ትርጉም ማርቆስ ምዕራፍ 1ን የሚያነብ ሰው «ወዲያውም» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ሲመጣ ያስተውላል። ሌላ ትርጉም የያዘው ግን «የተደጋገመውን ቃል አስምሩ» ሲባል የሚያሰምረው ሊያጣ ይችላል። የመዝሙር ቁጥርም ያሳስታል። በቤተ ክህነቱ የዳዊት አቆጣጠር «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ኛ ነው፣ በሌላው 23ኛ፤ የንስሐው መዝሙርም በአንዱ 50፣ በሌላው 51 ነው። ስለዚህ መዝሙር ስትጠቅሱ ከቁጥሩ ጋር የመጀመሪያዎቹን ቃላትም ጻፉ።

አዲስ የተቋቋመ ቡድን ከየትኛው መጽሐፍ ይጀምር?

በአንድ ወር ከሚያልቅ አጭር መጽሐፍ። ሩት፣ ዮናስና ፊልጵስዩስ እያንዳንዳቸው አራት ምዕራፍ ናቸው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ቢጠና በወሩ መጨረሻ «አንድ መጽሐፍ ጨረስን» ማለት ይቻላል፤ ይህ ለሚቀጥለው ወር ትልቅ ጉልበት ነው። ከዚያ 16 ምዕራፍ ወዳለው ወደ ማርቆስ እለፉ፤ እሱንም በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን እስከ ምዕራፍ 8 እና ከዚያ በኋላ ብላችሁ ለሁለት ከፍሉት።

የዮሐንስ ራእይንና የዳንኤልን ሁለተኛ አጋማሽ አታስቀድሙ። ወጣቶች የሚጠይቁት እነሱን እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ቀለል ያለ ታሪክ በሥርዓት ማንበብ ያልለመደ ቡድን በራእይ ላይ ከጽሑፉ ይልቅ በየድረ ገጹ የሰማውን ሲከራከርበት ይውላል።

ወጣቶቹ ስለ ፍቅር ጓደኝነት፣ ስለ ጫት፣ ስለ ሥራ አጥነት ማጥናት ይፈልጋሉ። በርዕስ ማጥናት ይሻላል ወይስ በመጽሐፍ?

ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ ዋናው ግን መጽሐፍ በመጽሐፍ ማጥናት ይሁን። ሦስት ወር መጽሐፍ፣ አንድ ወር ርዕስ የሚል ድልድል ለአብዛኛው ቡድን ይስማማል።

በርዕስ የሚጠና ጥናት የሚበላሸው አዘጋጁ ሐሳቡን አስቀድሞ ጨርሶ ጥቅስ ሲለቅም ነው። ኤርምያስ 29፥11 ለሥራ ፍለጋ፣ ለትዳር፣ ለፈተና ውጤት ይጠቀሳል። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን 70 ዓመት ይላል፤ ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ነው፣ ከሰሚዎቹም ብዙዎቹ መመለሱን በሕይወት አያዩትም ማለት ነው። ይህን ያወቀ ወጣት ጥቅሱን አይጥለውም፤ እንዲያውም ለሚዘገይ ነገር የሚሆን ተስፋ ያገኝበታል። ፊልጵስዩስ 4፥13ም እንዲሁ ነው፤ ከቁጥር 11 ጀምሮ ሲነበብ ነገሩ መጥገብንም መራብንም ስለ መቻል እንጂ ስለ ማሸነፍ አይደለም። በርዕስ ስታዘጋጁ አንድ ዋና ክፍል፣ ቢያንስ ስምንት ወይም አሥር ቁጥር ያለው፣ ምረጡ። ተጨማሪ ጥቅስ ከሁለት አይብለጥ። አሥራ አምስት ጥቅስ ያለበት ወረቀት ገጽ በማገላበጥ ያልቃል።

የተዘጋጀ ጽሑፍ ስንገዛ ወይም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ስንቀበል ምን እንመልከት?

መግቢያውን ዝለሉትና ከመካከል አንድ ጥናት ግለጡ። መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሱን ዝጉና ጥያቄዎቹን ለመመለስ ሞክሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑትን ሳታነቡ መመለስ ከቻላችሁ («መጸለይ አለብን»፣ «ማመን አለብን») ያ ጽሑፍ ወጣቱን ወደ መጽሐፉ አይመራውም። ቀጥሎ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚያልቁትን ቁጠሩ። ከዚያ አምስት ጥቅሶች አውጥታችሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አመሳክሩ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የተሳሳቱ ከሆነ ቀሪውም አይታመንም። በመጨረሻም ገጹ ላይ ማን ይበዛል፣ አዘጋጁ ወይስ መጽሐፍ ቅዱሱ? ሁለት ገጽ ማብራሪያ ተነብቦ በመጨረሻ ሁለት ጥያቄ ያለበት ነገር ስብከት ነው። ስብከት መልካም ነው፤ ግን ጥናት አይደለም።

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተርጉመን ብንጠቀምስ?

ይቻላል፤ ሥራው ግን ከታሰበው በላይ ነው። ቃል በቃል የተተረጎመ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የቆመው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃል ላይ ነው፤ ያ ቃል በአማርኛው ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉን በአማርኛ አንብቡ፣ ከዚያ ጥያቄው በአማርኛው ላይ መልስ እንዳለው አረጋግጡ፣ ከሌለው ጣሉት።

ምሳሌዎቹን አትተርጉሙ፤ ቀይሯቸው። የክሬዲት ካርድ ዕዳ፣ የራሱ መኪና ያለው የ16 ዓመት ልጅ፣ በወላጆች ቤት የራስ መኝታ ክፍል ለብዙው የቡድናችሁ አባል ሩቅ ናቸው። በምትኩ እቁብ ከፍሎ የቀረውን ደመወዝ ለቤተሰብ መላክ፣ በአንድ ኪራይ ቤት አራት ሆኖ መኖር፣ ከዐረብ አገር የእህት ገንዘብ መጠበቅ ይግባ።

አንድ የአማርኛ ጉዳይም አለ። የእኛ ግስ ወንድና ሴት ይለያል። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ተብሎ ከዳር እስከ ዳር የተጻፈ ወረቀት፣ በተለይ አብዛኞቹ አጥኚዎች ሴቶች በሆኑባቸው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድኖች፣ ገና ከመጀመሪያው ብዙውን ሰው ያገልላል። «እናንተ ብትሆኑ» በሉ።

ራሳችን ለማዘጋጀት ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው?

ለአንድ ጥናት ስድስት ሰዓት ያህል ያዙ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከፋፍሉት። በመጀመሪያው ቀን ማብራሪያ መጽሐፍ ሳትከፍቱ ክፍሉን አራት አምስት ጊዜ አንብቡ፤ የተደጋገመውን፣ የሚቃረነውን፣ ያልገባችሁን ጻፉ። ያልገባችሁ ነገር እንዳይጠፋባችሁ፤ ወጣቶቹም የሚቆሙት እዚያው ላይ ነው። ከዚያ የክፍሉን ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ዓረፍተ ነገሩ ለሌላ ክፍልም የሚስማማ ከሆነ («እግዚአብሔር ይወደናል») ገና አልደረሳችሁበትም።

በሁለተኛው ቀን ከማብራሪያ ጋር አስተያዩና ጥያቄዎቹን ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉን ከማያውቁ ሦስት አራት ወጣቶች ጋር ሞክሩት። እናንተ ዝም በሉ፤ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ እንደገና ይጻፋል። ከመባዛቱ በፊት መጋቢው ወይም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይየው። ለዚህም ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጧቸው፤ ቅዳሜ ማታ የተሰጠ ወረቀት አይታይም፣ ይፈረምበታል እንጂ።

ጥሩ ጥያቄ ምን ይመስላል?

ጥያቄዎች በሦስት ደረጃ ይሄዳሉ፦ ምልከታ (ጽሑፉ ምን ይላል)፣ ትርጓሜ (ምን ማለቱ ነው)፣ ተዛምዶ (እኛን ምን ይነካናል)። ከስድስት ጥያቄ ሁለቱ ምልከታ፣ ሦስቱ ትርጓሜ፣ አንዱ ተዛምዶ ቢሆን ሚዛኑ ይጠበቃል። ሩት ምዕራፍ 1ን ወስደን እንየው፤ ስደትን ለሚያውቅ ወሎዬ ወጣት ከዚህ የቀረበ ምዕራፍ ማግኘት ይከብዳል።

አንደኛ፦ «ቁጥር 1–5ን አንብባችሁ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ፣ ስንት ዓመት እንደቆዩና ማን ማን እንደሞተ ጻፉ።» መልሱ ጽሑፉ ላይ ስላለ ዓይናፋሩም ይናገራል። ሁለተኛ፦ «ከቁጥር 8 እስከ 15 ኑኃሚን ‹ተመለሱ› የምትልበትን ቦታ ሁሉ አስምሩ። የምታቀርበው ምክንያት ምንድን ነው?» ሦስተኛ፦ «ዖርፋ ተመለሰች። ጽሑፉ ይወቅሳታል?» አይወቅሳትም፤ ወጣቶች ግን ወዲያው ይወቅሷታል። ሰው ጽሑፉን ያላለውን ሲያስብለው ራሱን የሚይዘው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። አራተኛ፦ «ኑኃሚን በቁጥር 20–21 ስለ እግዚአብሔር የምትለውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። በምዕራፉ ውስጥ የሚያርማት ሰው አለ?» አምስተኛ፦ «በራብ የጀመረው ምዕራፍ በገብስ አጨዳ መጀመሪያ ማለቁ ምን ይነግራችኋል?» ስድስተኛ፦ «ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ጎረቤት ብትኖራችሁ፣ በቁጥር 19 ላይ የቤተ ልሔም ሴቶች ካደረጉት የተለየ ምን ታደርጉላት ነበር?»

የመጨረሻው ጥያቄ «ከእናንተ መካከል ተሰዶ የተመለሰ አለ?» እንደማይል አስተውሉ። ሰውን ያለ ፈቃዱ አደባባይ የሚያወጣ ጥያቄ ተዛምዶ አይባልም። የተሰደደችው ራሷ ልናገር ካለች ቦታው አለላት።

ተማሪውና የፈረቃ ሠራተኛው አንድ ላይ ናቸው። ጊዜውን እንዴት እናቅድ?

አንድ ጥናት 60 ደቂቃ ይበቃዋል፦ ለመክፈቻ 5፣ ለንባብ 10፣ ለውይይት 30፣ ለተዛምዶ 10፣ ለጸሎት 5። ከስምንት ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ።

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፈረቃ የሚቀያየር ሠራተኛ ከሦስት ሳምንት አንዱን መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ራሱን የቻለ ይሁን፤ አናቱ ላይ «እስካሁን» የሚል የሦስት መስመር ማስታወሻ ይኑረው። ደሴ ላይ ደግሞ ጊዜውን የሚወስነው ትምህርት ቤት ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱ ሲያልቅ በብሔራዊ ፈተና ይያዛል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም በሴሚስተር ዕረፍት ወደየአገሩ ይበተናል። ከስምንት ሳምንት የሚረዝም ተከታታይ ጥናት አታቅዱ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው በትልቅ ክብ መወያየት አይቻልም። ለክረምት አራት አራት ሆነው ተጠጋግተው የሚሠሩት፣ መጻፍ የሚበዛበት ጥናት አዘጋጁ።

ወረቀት ይሻላል ወይስ በቴሌግራም መላክ?

ለጥናቱ ሰዓት ወረቀት፣ ለዝግጅትና ለቀሪዎች ቴሌግራም። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው መልእክት ሲመጣ ይወጣል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ጥናቱ ይቆማል።

አንድ ኤ4 ወረቀት መሐሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ትንንሽ ገጽ ይሆናል፤ ለ40 ሰው 40 ወረቀትና የመሪዎቹን ገጽ ማባዛት ነው። ፊደሉ ከ12 አይነስ። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይሉን በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ የአማርኛ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትማችሁ ካያችሁ በኋላ ቀሪውን አስባዙ።

የታተመ የጥናት መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርገን ብናድልስ?

ሙሉውን መጽሐፍ አባዝቶ ማደል የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን መቅዳትን ይፈቅዳል፤ ያ ግን መጽሐፉን በመግዛት ፈንታ ሙሉውን የመቅዳት ፈቃድ አይደለም። አሳታሚውን በደብዳቤ ጠይቁ። ካልሆነም ለመሪዎች ብቻ ግዙና የወጣቶቹን ወረቀት ራሳችሁ ጻፉ፤ ቀድሞም የሚሻለው እሱ ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብናዘጋጀውስ?

ለረቂቅና ለፊደል እርማት ያግዛል። ነገር ግን የሌለ ቁጥር በሙሉ ልብ ሊጠቅስ፣ የአማርኛውን ጥቅስም ከየትኛውም ትርጉም የማይገጥም አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። እያንዳንዱን ጥቅስ ግለጡ፤ ቃሉን ከመጽሐፉ ላይ ራሳችሁ ገልብጡ። ከሁሉ በላይ፣ ክፍሉን አራት አምስት ጊዜ የማንበቡን ሥራ ለማሽን አትስጡ፤ ያላነበበ መሪ በውይይቱ መካከል ይታወቃል።

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ሙስሊም ዘመድ አሏቸው። «ሙስሊም ያረደውን መብላት ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ጽሑፉ ምን ይበል?

ወሎ ውስጥ ይህ የሠርግና የልቅሶ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት ድስት የሚጣድበት አገር ነው። አብዛኛው ጽሑፍ በቀጥታ 1ኛ ቆሮንቶስ 8ን ያመጣል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች የጠየቁት ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ነው። የጎረቤትን ሥጋ ከዚያ ጋር ማስተካከል ጽሑፉ ያላለውን ማለት ነው፤ ጎረቤትን መስደብም ነው። ምዕራፍ 8ን፣ 10፥23–33ንና ሮሜ 14ን አንድ ላይ አስነብቡና «ጳውሎስ ስለ ሌላው ሰው ሕሊና ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ መብላቱ ቤተ ክርስቲያናችሁ የያዘችው አቋም ካለ፣ የሽማግሌዎቹ እንደሆነ ገልጻችሁ ለብቻው ጻፉት፤ ከጥናቱ መልስ ጋር አትቀላቅሉት።

በአጠቃላይ «ሙስሊሞች እንዲህ ያምናሉ» የሚል ዓረፍተ ነገርና የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ከጽሑፋችሁ ይውጣ። ወረቀቱ በኪስ ገብቶ ቤት ይሄዳል፤ የአጥኚው አጎት ወይም አያት ያነቡታል። እሳቸው ፊት ልታነቡት የማትችሉትን አትጻፉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተጎዱ ወጣቶች አሉን። የሐዘን ክፍሎችን ማጥናት ይጎዳቸዋል?

ጥቅምትና ኅዳር 2014ን እዚሁ ከተማ ያሳለፉ፣ ወይም ከቤታቸው ወጥተው የተሰደዱ አሉ። የሐዘን መዝሙሮችን፣ ሰቆቃወ ኤርምያስን፣ ዕንባቆምን መደበቅ አያስፈልግም፤ እግዚአብሔር ፊት ማልቀስ የተፈቀደ መሆኑን የሚነግሩን እነሱ ናቸው። የሚጎዳው አጠያየቁ ነው። «የደረሰባችሁን ተናገሩ» አይባል። ለአሥር ደቂቃ በዝምታ የሚጻፍበት፣ የማይሰበሰብና የማይነበብ ባዶ ገጽ ስጡ። ዕንባቆም 1፥2–4ን ያነበበ ሰው የራሱን «እስከ መቼ» ይጽፍበታል።

ጥናቱን «ሁሉ ለበጎ ነው» በሚል ጥያቄ አትዝጉ። ጥቃትና ግድያ በዝርዝር የተጻፈባቸውን ክፍሎች፣ ለምሳሌ መሳፍንት 19ን፣ በወጣት ቡድን ወረቀት ላይ አታድርጉ። ከጥናት በኋላ እንቅልፍ የሚነሣው ወይም የሚንቀጠቀጥ ወጣት ካለ ወደ ሐኪም የሚወስደው ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

መሪው የማይመልሰው ጥያቄ ቢነሣስ?

ከወረቀቱ ጀርባ «የሚቆዩ ጥያቄዎች» የሚል ቦታ ይኑር። ጥያቄውን እንደተጠየቀ ጻፉት፣ ማን መልስ እንደሚያመጣ ወስኑ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመክፈቻው ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ስጡት። የአስተምህሮ ልዩነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኦርቶዶክስ ቤት የመጣ ወጣት ስለ 81 እና ስለ 66 መጻሕፍት ቢጠይቅ፣ የሌላውን ወገን ትምህርት ከሌላው ወገን መምህር ሳትሰሙ አትጻፉ።

ጽሑፉ ሠርቷል አልሠራም በምን እናውቃለን?

በመጡት ሰዎች ብዛት አይታወቅም። መሪው በራሱ ገጽ ላይ በየጥያቄው አጠገብ ስንት ሰው እንደተናገረና ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ምልክት ያድርግ። ሁለት ሰው ብቻ የመለሰበት ጥያቄ ወይ ከብዷል ወይ መልሱ ግልጽ ሆኖ አሳፍሯል፤ የትኛው እንደሆነ በዚያው ማታ ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉትና የታረመውን ፋይል ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከወር በኋላ ደግሞ ያለ ወረቀት «ሩት ምዕራፍ 1 ላይ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የዖርፋን ስም የሚያስታውስ ካለ ምዕራፉን አንብቦታል።